ምክንያቱ ማዕድ

ከደግሰው የእጅ ጥፍሮች አራቱ በሩ ላይ ቀርተው ነበር።

ሳጅን ደባሱ ሦስት ብሎ መዝግቧል። ኢንስፔክተር ጥሩነሽ ዓርብ ጠዋት ከወልዲያ መጥታ ከመኪና እንደወረደች፣ የቀረበላትን ውሃ ሳትነካ በሩ ፊት ተንበረከከች። አንዱ ጥፍር በመቀርቀሪያው ትይዩ ነው። ሁለቱ ከጉልበት በታች ናቸው። አራተኛውን ከደፉ አጠገብ፣ የተጋደመ ሰው እጅ በሚደርስበት ስንጥቅ ውስጥ አገኘችው።

«ወረንጦ» አለች እጇን ወደ ኋላ ዘርግታ።

«ሦስት ነው ብለን ተፈራርመናል እኮ፣ ኢንስፔክተር።»

«ሟቹም ፈርሟል?»

ደባሱ ወረንጦውን አቀበላት።

የላስታ ብራናዎች ማዕከል ከላሊበላ ሆቴሎች በታች፣ ቁልቁለቱ ላይ የተሠራ ባለ ሁለት ክፍል የድንጋይ ቤት ነው። ሠራተኞቹ የገጠር አብያተ ክርስቲያናትን የብራና መጻሕፍት ፎቶ እያነሡ ያስቀምጣሉ። ፎቶውም ጽሑፉም የሚከማቸው በኋለኛው ጠባብ ክፍል ባለ አንድ ትልቅ ኮምፒውተር ላይ ስለሆነ ጎተራ ይሉታል። በፊተኛው ሰፊ ክፍል ሌሎች ሁለት ኮምፒውተሮች አሉ፤ አሮጌውና አዲሱ። ሁለቱም በገመድ ከጎተራው ጋር ተያይዘዋል፤ የሚጻፍባቸው ሁሉ ጎተራው ውስጥ ይገባል። ኢንተርኔት ከጠፋ ወራት ስላለፉ ሠራተኞቹ መልእክት የሚለዋወጡትም እዚያው ጎተራው ውስጥ ባለ የጋራ ፎልደር ነበር።

የጎተራው ክፍል መስኮት የለውም። ያለው ገመድ የሚያልፍበት፣ ቡጢ የሚያስገባ አንድ ቀዳዳ ነው። ከቀዳዳው ውጭ ጀነሬተር ቆሟል። ረቡዕ ዕለት፣ መብራት ከጠፋ በአራተኛው ቀን፣ የማዕከሉ የኮምፒውተር ባለሙያ ደግሰው ኮምፒውተሮቹን ሊጠግን ወደ ውስጥ እንደገባ አንድ ሰው በሩን ከውጭ ቀረቀረ፤ የጀነሬተሩንም የጭስ ቱቦ ወደ ቀዳዳው አዞረ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ያው ሰው ጀነሬተሩን አጠፋ፤ ቱቦውን ወደ ቦታው መለሰ፤ መቀርቀሪያውን ከፈተ። አደጋ እንዲመስል ፈልጓል። በቀዳዳው ዙሪያ የቀረው ጥላሸትና በበሩ ላይ የቀሩት ጥፍሮች ግን እሺ አላሉትም።

«ገዳዩን ይዘነዋል» አለ ደባሱ። «ይዘናታል ማለቴ ነው። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወደ ወልዲያ እንጭናታለን። ማስረጃው ድንጋይ ነው።»

አንድ ወረቀት ሰጣት። ጎተራውን ረቡዕ ማታ ራሱ አስከፍቶ፣ ከተደበቁ ፋይሎች መካከል አግኝቶ ያሳተመው ነበር። እያንዳንዱ መልእክት አንድ ትንሽ ፋይል ነው፤ የጸሐፊውን ስም ከጎኑ የሚያስቀምጠው ኮምፒውተሩ ራሱ ነው።

ደግሰው፦ በሩ ከውጭ ተዘግቶብኛል። ጭስ እየገባ ነው። ማን አለ? ክፈቱልኝ።

ሐናን፦ አለሁ። መቀርቀሪያው ነክሷል፤ መዶሻ እያመጣሁ ነው። በሩን አትደብድብ፣ አትጩህ፤ አየር ይፈጅብሃል። ተኝተህ ጠብቅ።

ደግሰው፦ ሐናን ፍጠኝ።

ደግሰው፦ ሐናን

ደግሰው፦ 1002

ጥሩነሽ ሁለት ጊዜ አነበበችው። «ተኝተህ ጠብቅ» አለች ቀስ ብላ። «ተኛና ጠበቀ።»

«ስሟን እየጠራ ነው የሞተው፣ ኢንስፔክተር። ከዚህ ሌላ ምን ምስክር አለ?»

«ይህ ቁጥርስ?»

«ቁጥሩማ የራሷ ነው። ጎተራው ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ቁጥር አለው፤ የእሷ 1002 ነው። በስሟም በቁጥሯም ከሰሳት።»

«ኪሱ ውስጥስ ምን ነበር?»

«ማስታወሻ ደብተር። የመጨረሻው ገጽ ላይ ትርጉም የሌለው ነገር ጽፏል።»

ገጹን ገልጣ አየች። ደግሰው ንጹሕ የእጅ ጽሑፍ ነበረው። «የትናየት ብቻ ደህና። ምክንያቱ ማዕድ።» ቀኑ ረቡዕ ነው።

«ማዕድ?»

«ምሳ ማለቱ ይሆናል» አለ ደባሱ። «ሳይበላ ነው የሞተው።»

*

በጣቢያው በር ላይ አንድ ሽማግሌ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። የሐናን አባት፣ አቶ መሐመድኑር ናቸው። ካፖርታቸው ትከሻ ላይ ምራቅ ደርቋል።

«ማነው የተፋብዎ፣ አባባ?» አለች ጥሩነሽ።

«ነፋስ ነው፣ ልጄ» አሉ። ቀና ብለው አላዩአትም።

ሐናን ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። የፎቶዎቹን ዝርዝር የምትይዘው እሷ ናት። ግራ ጉንጯ አብጧል።

«ጣቢያ ውስጥ ነው የተመታሽ?»

«የትናየት ናት። ደባሱ በሩን ከፈተላት። አንድ ጥፊ ብቻ ብሎ ፈቀደላት። እሷ ሦስት አደረገችው።»

«ከገጠር የመጣውን የብራና ወንጌል ፎቶ ያጠፋሽው አንቺ ነሽ ይላሉ። ደግሰው ሊያጋልጥሽ ሲል ገደልሽው።»

«ፎቶውን በእጄ ቆጥሬ ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ መቶ ሰማንያ ስድስት ገጽ። ለምን አጠፋዋለሁ? ወላሂ፣ ሰኞ ጠዋት ስከፍት ባዶ ነው። ከእኔ ሌላ ሊያጠፋው የሚችል የለም፣ ተቈልፏል። ለደግሰው ነገርሁት። ቅጂ አለኝ፣ ረቡዕ ከሰዓት እመልሰዋለሁ አለኝ።»

«ይህን ማን ሰማ?»

«ሁሉም። በስብሰባ ላይ ነው የተናገረው።»

«ረቡዕ ስድስት ሰዓት ላይ የት ነበርሽ?»

«ቤት። ዙህር ሰገድሁ፤ ተኛሁ። ብቻዬን ነበርሁ።» በምሬት ፈገግ አለች። «አላህ ያየኛል ብል ደባሱ ፈርም ይለዋል።»

ጥሩነሽም ፈገግ አለች። ወዲያው ተወችው። «ኮምፒውተሮቹ ምን ነበር የሚጠገንላቸው?»

«አዲሱ ነው የሚያስቸግረው። ከመጣ አንድ ወር ሆነው። የራሴን ፋይል ስከፍት ፈቃድ ተከልክሏል ይለኛል፤ የመሪጌታን ማስታወሻ ግን ወለል አድርጎ ይከፍትልኛል። ስለዚህ አሮጌው ላይ ነበር የምሠራው።»

«ረቡዕም?»

«አሮጌው ማክሰኞ ተቃጠለ። ከዚያ ወዲህ አልተነሣም።»

ጥሩነሽ ይህንን ጻፈች፤ ከሥሩም አሰመረችበት። ልትወጣ ስትል ሐናን ጠራቻት።

«ኢንስፔክተር፣ ዘጠኝ ሰዓት ስንት ቀረው?»

«አምስት ሰዓት ተኩል።»

«አባቴ ስጫን እንዳያዩኝ አድርጉልኝ።»

*

የትናየት ፎቶ አንሺዋ ናት። ጥቁር ለብሳ፣ ካሜራዋን በፎጣ እየወለወለች ተቀምጣለች። ደግሰው ሽማግሌ ሊልክባት ቀን ቈርጦ እንደነበር ደባሱ መንገድ ላይ ነግሯታል።

«እጅሽን ያምምሻል?» አለች ጥሩነሽ።

«ለምን?»

«ሦስት ጥፊ ለእጅ ብዙ ነው።»

የትናየት ፎጣውን ጣለችው። «አራተኛውን ስላልጨመርሁላት ነው የሚያመኝ። ምሳ አብረው ይበሉ ነበር፣ ታውቂያለሽ? እኔ ገጠር ለገጠር ስዞር እሷ ከጎኑ ናት። ሐናን ፍጠኝ! እኔን አልጠራኝም።»

«አንቺ የት ነበርሽ?»

«ቤተ ክርስቲያን። ቅዳሴ አስቀድሼ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጣሁ። ያገኘሁት እኔ ነኝ። ፊቱ ቀይ ነበር፤ እንደ ጤነኛ ሰው።»

«አዲሱ ኮምፒውተር ፈቃድ ተከልክሏል ብሎሽ ያውቃል?»

«እኔን? በጭራሽ። ሁሉም ያማርራል፤ እኔን አንድ ቀን አስቸግሮኝ አያውቅም።»

«የትናየት ብቻ ደህና» አለች ጥሩነሽ ለራሷ።

«ምን አልሽ?»

«ያን እጅሽን ተጠንቀቂበት።»

*

መሪጌታ ሰይፈ ሥላሴ ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። የመጻሕፍቱን ይዘት እያነበቡ የሚመዘግቡት እሳቸው ናቸው። በመነጽራቸው አንድ እጅ ፈንታ ክር አስረዋል።

«ይህ አዲሱ ሣጥን፣ ልጄ፣ ሰው አያውቅም» አሉ። «የራሴን ጽሑፍ ልይ ስል ይከለክለኛል። የአቶ አረጋን ደብዳቤ ግን ሳልጠይቀው ከፈተልኝ! ከሰው ደብዳቤ ምን አለኝ? ቶሎ ዘጋሁት።»

«ስምዎን አዲሱ ላይ ያስገባው ማነው?»

«ነፍሱን ይማርና ደግሰው ነው። እንዲያውም አቶ አረጋ ተቈጥተውበታል።»

«በምን?»

«እኔ እዚህ ቤት የገባሁት ከሁሉ በኋላ ነው። ደግሰውም አዲሱን ሲያዘጋጅ እንደ አገባባችን እኔን መጨረሻ አድርጎ ሊጽፈኝ ነበር። አቶ አረጋ ከኋላው ቆመው አዩ። ‹አባታችን እያሉ ልጆች ይቀድማሉ? ማዕድ ላይ እንዲህ አድርገህ ታውቃለህ?› አሉት። ልጁ አፍሮ እኔን አንደኛ አደረገኝ፤ ከእኔ ቀጥሎ አቶ አረጋን፤ ከዚያ የትናየትን፤ ሐናን ታናሻችን ናትና መጨረሻ። እንደ ዕድሜያችን።»

ጥሩነሽ እስክሪብቶዋን አቆመች።

«ስለዚያ ወንጌልም ንገሩኝ፣ አባታችን። ፎቶው ስለ ጠፋው።»

«ከኩልመስክ ወዲያ ካለች ደብር የመጣ ነው። ፎቶ ተነሥቶ ሲመለስ አብሬ ሄጄ ነበር። ልሳለመው ብል…» አፍንጫቸውን በጣታቸው ነኩ። «የድሮ ብራና ጧፍ ጧፍ ይሸታል። ያ ግን ቆዳ ቆዳ ሸተተኝ። ለደግሰው ነገርሁት። እርጅና ነው፣ አፍንጫ ይዋሻል ብዬ ሥቄ ተውሁት።»

*

የማዕከሉ ኃላፊ አቶ አረጋ አምሳ አራት ዓመታቸው ነው። ነጭ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለብሰዋል። ጥሩነሽን ተነሥተው ተቀበሏት፤ የራሳቸውንም ወንበር ለቀቁላት።

«ኧረ ይቀመጡ፣ አይገባም።»

«እንግዳ ናችሁ» አሉ። «እንግዳን አስቀድመን ነው ያደግን።»

«ረቡዕ ቀን የት ነበሩ?»

«ቤቴ ጋደም ብዬ ነበር። ጾሙ ያደክመኛል። ያች ልጅ ይህን ታደርጋለች ብል ኖሮ ቤቴን ዘግቼ እተኛ ነበር? በጉያችን ያቀፍናት ናት።»

«ከእርስዎ በስተቀር በስምዎ አዲሱን ኮምፒውተር የሚከፍት አለ?»

«የይለፍ ቃሌን? ለእናቴም አልሰጥ!» ሣቅ አሉ። «ኃላፊ ነኝ፤ ስንት ምስጢር አለብኝ።»

«ቀብሩ ላይ የተነበበው የሕይወት ታሪክ ጥሩ ነበር አሉ።»

የአቶ አረጋ ፊት በኀዘን ተሸፈነ። «ሐሙስ ጠዋት እያለቀስሁ ነው የጻፍሁት። እዚሁ፣ አዲሱ ላይ። አምስት ገጽ ሆነብኝ፤ ወደ ሁለት አወረድሁት።»

«አባቷን ሰዎች እየተፉባቸው ነው።»

«ሕዝብ አዝኗል» አሉ አቶ አረጋ። «ሕዝብን ማን ይከለክላል?»

ጥሩነሽ አመስግና ወጣች። ከግቢው በር ስትደርስ ቆመች። ያመሰገነችው አፏ መረራት።

*

አንድ ጊዜ አለቃዋን በስብሰባ ላይ ስላረመች ሦስት ዓመት መዝገብ ቤት ተወርውራ ነበር። ለቅጣት ነው። እዚያ ሌላ ሥራ ስላልነበር፣ እርስ በርሳቸው የማይግባቡ አሮጌ ኮምፒውተሮችን ስታስታርቅ ከረመች። አለቃዋ የቀጣት መስሎት ጡረታ ወጣ።

ጀነሬተሩን አስነሥታ፣ የሞተበት ክፍል ውስጥ ብቻዋን ገብታ ጎተራው ፊት ተቀመጠች። በሩን ራሷ በድንጋይ አስደገፈችው። የፋይሎቹን ዝርዝር አወጣች፤ መጀመሪያ በስም፣ ቀጥላ በቁጥር። የሐሙስን ቀን ፈለገች። አንድ ፋይል ነበር። ስሙን አየች፤ ባለቤቱንም አየች። ከዚያ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍታ ወደ በሩ ጥፍሮች አየች።

«ደባሱ!» ብላ ጠራች። «ሁሉንም ሰብስብልኝ። ሐናንንም አምጣት። አባቷንም።»

«ስምንት ሰዓት ሆኗል እኮ፣ መኪናው…»

«መኪናውን ባዶ አንሰደውም።»

*

ሰፊው ክፍል ውስጥ ተሰበሰቡ። ሐናን በካቴና ታስራ ግድግዳ አጠገብ ቆማለች። አባቷ በሩ ላይ ቀሩ፤ ግቡ ቢባሉም አልገቡም። መሪጌታ ወንበር አንሶ ሲቆሙ አቶ አረጋ ፈጥነው የራሳቸውን ሰጧቸው፤ እሳቸው ቆሙ።

«አንድ ነገር ልጠይቅ» አለች ጥሩነሽ። «መሪጌታ፣ ክርስትና ስምዎ ስንት ሰው ያውቀዋል?»

«የንስሐ አባቴ፤ ቄሱ። ሲያቆርቡኝ በእሱ ነው የሚጠሩኝ።»

«ቤተ ክርስቲያን በአንዱ ስም፣ ገበያ በሌላው። ኮምፒውተርም እንዲሁ ነው። ለእኛ የሚያሳየን ስም ነው። እርስ በርሳቸው ሲነጋገሩ ግን ስም አያውቁም፤ ቁጥር ብቻ ነው የሚነጋገሩት። አዲሱ ኮምፒውተር ለጎተራው ‹ይህን ፋይል የጻፈው ሐናን ናት› አይለውም። ‹የጻፈው 1002 ነው› ይለዋል። ጎተራው የራሱን መዝገብ ይገልጥና 1002 ማን እንደሆነ ያያል። ጎተራው ላይ 1002 ማን ነው፣ ደባሱ?»

«ሐናን!»

«አዎ። ደግሰው ጎተራው ላይ ከራሱ ቀጥሎ እንደ አቀጣጠራችሁ ነው የጻፋችሁ። 1001 አቶ አረጋ። 1002 ሐናን። 1003 የትናየት። 1004 መሪጌታ። አዲሱ ላይ ግን አንድ ሰው ቅደም ተከተሉን አስለወጠው። እንደ ማዕድ ይሁን ተባለ። 1001 መሪጌታ። 1003 እዚያም የትናየት ሆነች፤ በአጋጣሚ። 1004 ሐናን።»

«ቆይ» አለች የትናየት። «ለዚህ ነው እኔን የማያስቸግረኝ?»

«አንቺ ብቻ ሁለቱም መዝገብ ላይ አንድ ቦታ ተቀምጠሻል። መሪጌታ አዲሱ ላይ ሲቀመጡ ጎተራው በቁጥራቸው አቶ አረጋ ናቸው ብሎ ያምናል፤ ስለዚህ የአቶ አረጋን ደብዳቤ ከፈተላቸው። ሐናንን መሪጌታ ናት ይላል። የትናየት ብቻ ደህና፣ ምክንያቱ ማዕድ። ደግሰው ችግሩን ያወቀው ረቡዕ ጠዋት ነው። ከሰዓት ሊያስተካክለው ገባ።»

«እሺ፣ ይሁን» አለ ደባሱ። «መልእክቱ ላይ ግን ሐናን ይላል።»

«መልእክቱ ከየት ተጻፈ? አሮጌው ማክሰኞ ተቃጥሏል። ጎተራው ፊት ያለው ደግሰው ብቻ ነው፤ በሩም ተቀርቅሯል። የቀረው አዲሱ ነው። ሐናን አዲሱ ላይ ብትጽፍ ጎተራው ማን ይላል?»

ደባሱ በጣቱ ቈጠረ። «1004… መሪጌታ።»

«እንግዲህ የጻፈችው እሷ አይደለችም። አዲሱ ላይ 1002 የሆነ ሰው ነው የጻፈው። ያልጠራሁት አንድ ስም አለ።»

ማንም አልጠራውም። ሁሉም ወንበሩን ለመሪጌታ ወደ ለቀቀው ሰው አዩ።

«ይህ ስድብ ነው!» አሉ አቶ አረጋ። «በቁጥር ሰው ይከሰሳል? ደግሰው ራሱ ስሟን ጠርቷል! የሞተ ሰው ይዋሻል?»

«አልዋሸም። ተታለለ። ጎተራው ሐናን ሲል ሐናን መሰለችው፤ ሁለት ጊዜ ጠራት። መዶሻው አልመጣም። ከዚያ ጠዋት ያገኘው ስህተት ትዝ አለው። ስሙ እንደሚዋሽ፣ ቁጥሩ ግን እንደማይዋሽ አወቀ። ስም ለመጻፍ አቅም አልነበረው ይሆናል፤ አራት ቁጥር ጻፈ። ሐናንን መክሰስ ቢፈልግ ስሟን ጽፎ ጨርሷል፣ ቁጥሯ ምን ያደርግለታል? እያረመን ነበር።»

«ማንም በእኔ ስም ገብቶ ሊጽፍ ይችላል!»

«የይለፍ ቃልዎን ለእናትዎም አልሰጡም።»

አቶ አረጋ ወደ በሩ አንድ እርምጃ አሉ፤ ደባሱ ከፊታቸው ቆመ።

«ሌላም አለ። ሐሙስ ጠዋት ሐናን የት ነበረች፣ ደባሱ?»

«እኔ ጋ፣ ታስራ።»

«ጎተራው ላይ ግን ሐሙስ ጠዋት ሐናን አንድ ጽሑፍ ጽፋለች ይላል። ላንብበው? ‹በጉያችን ያቀፍነው እባብ ነደፈው።› የደግሰው የሕይወት ታሪክ ነው። ጸሐፊ፦ ሐናን። እስር ቤት ተቀምጣ ራሷን እባብ ብላ የሰደበች ልጅ።» ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «እያለቀሱ ነው የጻፉት። እዚሁ፣ አዲሱ ላይ። ነግረውኛል።»

መሪጌታ ወረቀቱን አንሥተው ወደ መነጽራቸው አስጠጉት።

«ገዳዩ መልእክቶቹን አጥፍቷቸው ነበር» ብላ ቀጠለች ጥሩነሽ። «ደግሰው አዲሱ ላይ መልእክት እየተከታተለ የሚያሳይ መስኮት ሠርቶላችኋል። መስኮቱ ፋይሉን እንደያዘ ፋይሉ ቢጠፋ፣ ኮምፒውተሩ ጨርሶ አያጠፋውም፤ ስሙን ቀይሮ ይደብቀዋል፤ መስኮቱ ሲዘጋ ነው የሚያጠፋው። ግን መስኮቱ ሳይዘጋ ጀነሬተሩ ጠፋ። ጀነሬተሩን ያጠፋው ራሱ ነው፤ ቱቦውን ለመመለስ። ለማጥፋት የቸኰለው እጅ አስቀመጣቸው። በዚያች ሰዓት ሐናንን የመክሰስ ሐሳብ አልነበረውም፤ አዲሱ ስክሪን ላይ የሚያየው የራሱን ስም ነው። ማታ ደባሱ ሐናን ብሎ ሲመጣ ግን ስጦታ ሆነለት። ተቀበለው።»

«ወንጌሉስ?» አሉ መሪጌታ። ድምፃቸው ወርዷል። «ከደብሩ ያመጡት በእሳቸው መኪና ነው። የመለሱትም እሳቸው ናቸው።»

«አፍንጫዎ አልዋሸም፣ አባታችን። የተመለሰው ሌላ መጽሐፍ ነው። የመጀመሪያው ፎቶ ካለ ይታወቃል፤ ስለዚህ ፎቶው መጥፋት ነበረበት። የሐናንን ፋይል ከሐናን በቀር የሚያጠፋ የለም፤ አዲሱ ላይ በ1002 የገባ ካልሆነ። ደግሰው ደግሞ ረቡዕ ከሰዓት ቅጂውን እመልሳለሁ አለ።»

ጥሩነሽ ወደ አቶ አረጋ ዞረች። ከዚህ በኋላ አንቱ አላለችውም።

«አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም፣ አረጋ። በሩ ተቀርቅሯል፤ ጭሱ ገብቷል፤ ሄደህ ጋደም ማለት ትችል ነበር። ለምን ተቀምጠህ መለስህለት? ለምን መዶሻ እያመጣሁ ነው አልኸው?»

አረጋ ነጠላውን አስተካከለ። ሲናገር እንደ ደከመው ሰው ነበር።

«ይደበድብ ነበር» አለ። «ጩኸቱ መንገድ ይሰማል። ተስፋ ካገኘ ዝም ይላል ብዬ ነው።»

የትናየት ካሜራዋን ይዛ ተነሥታ ነበር። መልሳ ተቀመጠች። ካሜራው ከእጇ ወደቀ፤ ማንም አላነሣውም።

ደባሱ ካቴናውን ከሐናን ፈትቶ አረጋን አሰረበት። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ መኪናው ወደ ወልዲያ ሄደ። አረጋ በበሩ ሲያልፍ ሰዎች ተሰብስበው ነበር፤ ጠዋት አቶ መሐመድኑር ላይ የተፉትም ከመካከላቸው አሉ። አሁን በአረጋ ላይ ተፉ። አቶ መሐመድኑር ብቻ ፊታቸውን አዞሩ።

*

ሐናን ወዲያው ወደ ቤቷ አልሄደችም። የእጅ አንጓዋን እያሸች ጥሩነሽ ፊት ቆመች።

«እኔን እየጠበቀ ነው የሞተው?»

«መጨረሻ ላይ አንቺ እንዳልሆንሽ አውቋል።»

«ስሜን ከጠራበት እስከ ቁጥሩ ምን ያህል ነው?»

ጥሩነሽ የፋይሎቹን ሰዓት አይታለች። መዋሸት ትችል ነበር።

«አሥራ አንድ ደቂቃ» አለች።

ሐናን ራሷን ነቀነቀች። የትናየት ከኋላዋ መጥታ ቆመች። ሐናን ወንበሩን ሳበችና አዲሱ ኮምፒውተር ፊት ተቀመጠች። የደግሰውን ደብተር ከፈተች። ደግሰው ለጥገና የሚገባበት የራሱ የይለፍ ቃል ጥግ ላይ ተጽፏል።

«ምን ልትሠሪ ነው?» አለ ደባሱ።

«ጀምሮት የነበረውን። ቁጥሮቹን ማስማማት። ሌላ የሚያውቅ የለም።»

መሪጌታ ከወንበራቸው ተነሡ። አረጋ የለቀቀላቸው ወንበር ነበር፤ ያኔ ነው የታወቃቸው። እጃቸውን ከመደገፊያው እንደ ተቃጠለ ሰው አነሡት።

«ልጄ» አሉ፣ «እባክሽ፣ እኔን መጨረሻ አድርጊኝ።»

«እንደ አቀጣጠራችን ነው፣ አባታችን። መጨረሻ ነዎት።»

መዝገቡን አጸዳችው። ባዶው መስመር ላይ ጠቋሚው ብልጭ ድርግም ይላል። ጎተራው የሚያውቀውን ቅደም ተከተል መከተል አለባት፤ ካልሆነ ሁሉም ነገር መልሶ ይሳሳታል። ከሁሉ በፊት የተቀጠረው ማን እንደሆነ ክፍሉ ውስጥ ያለ ሁሉ ያውቃል።

1001 ብላ ጻፈች። ከጎኑ አረጋ ብላ ጻፈች።

ከዚያ 1002 ጻፈች፤ ጣቷም እዚያ ላይ ቆመ።